በጭማሪ ሰዓት ማንም አይነሳም

«በጣም አዝኛለሁ የኔ ልጅ» አሉኝ ወይዘሮ ሳውቹክ፣ ፎጣ የለበሰ ትሪ በሁለት እጃቸው እንደያዙ።

«ኧረ አይዘኑ» አልኳቸው። «አሸንፈናል እኮ። ሦስት ለሁለት።»

ወይዘሮ ሳውቹክ የአጥር ጎረቤታችን ነበሩ። በራችን ላይ ቆመው፣ የጫማቸው በረዶ እየቀለጠ ምንጣፋችንን ሲያርሰው፣ አተኩረው አዩኝ። ትሪው ላይ ያለው በጎመን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝና ሥጋ ነው፤ ሽታው በፎጣው ጠርዝ እያመለጠ አፍንጫዬ ውስጥ ገብቷል። ይህን ምግብ ለሰው ቤት የሚያመጡት ሰው ሲሞት ወይም ሰው ሲወለድ ብቻ መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር። ግን ስምንት ዓመቴ ነበርና፣ ለድልም የሚመጣ መሰለኝ።

«ማን ነው ያሸነፈው?» አሉ።

«ጉጉቶቹ ናቸዋ። በጭማሪ ሰዓት። በሬዲዮ አልሰሙም እንዴ?»

«ሰምቻለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ምንም አላመለጠኝም።»

ደስ አለኝ። ሴትየዋ ሆኪ አይወዱም። «ትልልቅ ወንዶች ዱላ ይዘው በበረዶ ላይ አንዲት ጎማ ያሳድዳሉ፤ እኛ ቤት ይሄን ሥራ የሚሠራው ውሻው ነው» ይሉ ነበር። እሳቸውን እንኳ ሬዲዮ ሥር ያስቀመጠ ጨዋታ ምን ቢሆን ነው ብዬ ኮራሁ።

አባቴ ከኋላዬ መጥቶ ትሪውን ተቀበላቸው። አላመሰገነም። እሳቸውም የምስጋና ቃል የጠበቁ አይመስሉም።

«ቨርና ከሆስፒታል ወጣች?»

«ዛሬ ጠዋት ወጣች። እህቷ ወሰደቻት።»

«ቤቷን ሳትረግጥ?»

«ሳትረግጥ።»

ወይዘሮ ሳውቹክ አባቴን ከእግር እስከ ራሱ አዩት፤ በሩን በራሳቸው እጅ ዘግተው ሄዱ። አባቴ ትሪውን እንደታቀፈ መተላለፊያው ላይ ቀረ።

«እማዬ መቼ ነው የምትመጣው?» አልኩት።

«ሲያልቅ።»

«ምኑ?»

ዓይኑን በማዕድ ቤቱ ግድግዳ ላይ አዞረው። ማቀዝቀዣው ላይ የጉጉቶቹ ካላንደር ተለጥፏል፤ የዋንጫ ጨዋታዎቹ ቀን በቀይ ተከቧል። ዓይኑ እዚያ ላይ አረፈ። እኔም ዓይኑን ተከትዬ አየሁ፣ ነገሩም ወለል ብሎ ታየኝ።

«ገባኝ» አልኩ። «እሷ በሌለችበት ስላሸነፍን ነው፣ አይደል? ስናሸንፍ ምንም ነገር አይቀየርም ብለኸኛል። እሷ ከመጣች ገዱ ይሰበራል።»

አባቴ ትሪውን ከአንዱ ክንዱ ወደ ሌላው አዛወረው።

«እንደዚያ በዪው» አለ።

«ሕፃኑስ?»

«ሕፃኑ አልመጣም፣ ግሌኒ።»

«እሱም ጥሩ ነው» አልኩት ላጽናናው ብዬ። «እሱም ሲያልቅ ይመጣል።»

ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወደ ምድር ቤት ወረደ። እኔ ፎጣውን ገልጬ አንዱን ጥቅል በእጄ በላሁ። ትኩስ ነበር።

ስለ ጉጉቶቹ፣ ስለ ከተማችን የበረዶ ሆኪ ቡድን፣ ትንሽ ልናገር። ሃርዊክ ፎልስ ውስጥ ሁለት ነገር ብቻ ነበር፦ የወረቀት ፋብሪካውና ጉጉቶቹ። ፋብሪካው ይሸታል፣ ጉጉቶቹ ይሸነፋሉ። ደመወዝ የሚከፈላቸው ባለሙያ ተጫዋቾች ነበሩ፤ ከፍ ካለው ሊግ የወረዱ፣ ወደዚያ እንወጣለን ብለው የሚጠባበቁ፣ ጉልበታቸው የታሰረ፣ ጥርሳቸው የጎደለ። ግማሾቹ በጋውን ፋብሪካው ውስጥ ከአባቴ ጋር ይሠሩ ነበር። አባቴ ሎርን ሃስኬት፣ ስምንት ሰዓት ሙሉ በማድረቂያ ማሽን ፊት ቆሞ፣ ከዚያ ማሽን ይልቅ የሚያሳስበው የጉጉቶቹ ሦስተኛ የአጥቂ መስመር ነበር።

አስተያየት የማይሰጥበት ጉዳይ አልነበረም። የበረኛው ግራ ጉልበት አይታጠፍም፤ ዝቅ ብሎ ከግራ የመጣ ሁሉ ይገባል። አሠልጣኙ ተጫዋች የሚቀይረው አስቦ ሳይሆን ሲበርደው ነው። ዳኞች የሚወለዱት ፖርት ሜርሰር ውስጥ ነው፤ ሁሉም፤ የባላጋራችን ከተማ ስለሆነች። ኮከባችን ሮሊ ቡርጎ ጎበዝ ነው፣ ግን ሰኞ ሰኞ አይደለም፤ እሑድ ማታ የት እንደሚያመሽ ከተማው ያውቃል። ይህን ሁሉ እራት ላይ እናቴ እየሰማች ታኝካለች። አንዳንዴ «ሎርን፣ ድንቹ ላይ ያለህን አስተያየትስ ንገረኝ» ትለዋለች። እሱም ድንቹን ቀምሶ «የተከላካይ ክፍሉ ላላ ብሏል» ይላል። እሷ ትስቃለች። ስትስቅ አይቻታለሁ፤ ይህን የምጽፈው በኋላ የሚመጣው ነገር እንዳያስረሳኝ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚንቀው ግን ጨዋታ ሳያልቅ የሚወጡትን ነበር። መኪና ማቆሚያው ሳይጨናነቅ ልውጣ ብሎ ትንሽ ሲቀረው የሚነሳ ሰው ሲያይ አንገቱን ወደኔ ያዘነብልና፣ «እዪው ያንን። እንደሱ ያለውን ሰው ሚስቱም አታምነውም» ይለኛል።

ሕግም ነበረው። የዋንጫ ጨዋታ ከተጀመረ ጺም አይላጭም፤ ተጫዋቾቹም አይላጩም፣ ደጋፊውም። ያሸነፍንበት ካልሲ አይታጠብም። ዋንጫ የሚለው ቃል ከአፍ አይወጣም። ዋነኛው ደግሞ ይሄ ነው፦ በጭማሪ ሰዓት ቀድሞ ያገባ ስለሚያሸንፍ፣ ማንም ከመቀመጫው አይነሳም። አንድ ዘመን አንድ ሰውዬ ለሽንት ሲነሳ ገባብን። እስኪሞት ድረስ ስሙ «ሽንቱ» ሆኖ ቀረ። ልጆቹ ሳይቀሩ «የሽንቱ ልጆች» ይባሉ ነበር፤ አንዷ አብራኝ ተምራለች፣ ጨዋ ልጅ ነበረች።

ያ ጨዋታ እሑድ ከሰዓት ነበር። ሚያዝያ ገብቶም ከጠዋት ጀምሮ በረዶ ይጥላል። እናቴ የሆዷ ነገር እንደ ልብ ስለማያላውሳት በሩ ላይ ተደግፋ የኮቴን ቁልፍ ቆለፈችልኝ።

«ሎርን፣ ዛሬ ወገቤ አላማረኝም።»

«ሐኪሙ ገና ወር አለው አላለም?»

«ብሏል።»

«ሳይመሽ እንመጣለን። ካስፈለገ ወይዘሮ ሳውቹክ አሉ።» ጉንጯን ሳማት። መኪናዋን ይዘን ሄድን።

የጉጉቶቹ አዳራሽ እርጥብ ሱፍና በኮምጣጤ የተነከረ የድንች ጥብስ ይሸታል። ከበረዶው የሚመጣው ቅዝቃዜ ከእግር ጣት ጀምሮ ይወጣል፤ ከጣሪያው ሥር ደግሞ የሰው ትንፋሽ እንደ ጭጋግ ተንሳፍፏል። መቀመጫችን ከአንድ ወፍራም ምሰሶ አጠገብ ነው። የግራውን ጎል ለማየት አንገት ማስገግ ያስፈልጋል፤ አባቴ ግን ስናሸንፍ ያየሁት ከዚህ ነው ብሎ የተሻለ ቦታ ሲሰጡት እምቢ ብሏል።

ሁለት ለሁለት አለቀ። ጭማሪ ሰዓት ተጀመረ።

አዳራሹ ዝም ማለት ሲያቅተው የሚያወጣው ድምፅ አለ፤ ጩኸትም አይደል፣ ዝምታም አይደል፤ ሺህ ሰው ጥርሱን የነከሰበት ድምፅ። በዚያ መሀል የድምፅ ማጉያው ተንጫረረ።

«አቶ ሎርን ሃስኬት። አቶ ሎርን ሃስኬት፣ እባክዎ ወደ ትኬት ቢሮ ይምጡ።»

ያ ድምፅ የሚጠራው ጎል ያገቡትን ነው። ደግሞ በየጨዋታው ዕጣ የወጣለትን ሰው ይጠራል፤ ሽልማቱ ሥጋ ቤቱ የሚሰጠው ሙሉ የታጨሰ የአሳማ ጭን ነው። ያንን ጭን በየሳምንቱ ሌላ ሰው ትከሻ ላይ ሆኖ ሲሄድ ስናየው ኖረናል።

«አባዬ፣ ደረሰን» አልኩት እጅጌውን እየጎተትኩ።

ዓይኑ በረዶው ላይ ነው። ጆሮው ቀስ እያለ ቀላ። ጥቁሯ ጎማ ከአንዱ ዱላ ወደ ሌላው ትሄዳለች።

«አባዬ፣ ስምህን ጠሩ እኮ። ተነስ።»

«ቁጭ በዪ።»

«ለሌላ ሰው ይሰጡብናል።»

«ግሌንዳ» አለ። ሙሉ ስሜን የሚጠራው ሲቆጣ ነው። «በጭማሪ ሰዓት ማንም አይነሳም።»

ከኋላችን የተቀመጠ ሰውዬ «ልክ ነው» ብሎ የአባቴን ትከሻ መታ አደረገው።

ማጉያው እንደገና ጠራ። ሁለተኛው ጥሪ ከመጀመሪያው ፈጠን ያለ ነበር። አባቴ ሁለት እጁን ጉልበቶቹ መሀል ሰክቶ አጥብቆ ያዛቸው፤ ልክ እጆቹ ሊነሱ እንደሚታገሉት ሁሉ። ለኔ ጀግና መሰለኝ። የአሳማ ጭን ቀርቶ ምንም ቢሰጡት የማይነሳ ሰው።

ቡርጎ አገባ። ሰው ሰው ላይ ወደቀ፤ ባርኔጣ ዘነበ፤ የማላውቃት ሴት ግንባሬን ሳመችኝ። አባቴ ግን አልጮኸም። እጄን ይዞ በሰው ክርንና ሆድ መሀል እየጣሰ ወደ ትኬት ቢሮው ሮጠ። እንኳን ታገሠ፣ አሁን ጭናችንን እንወስዳለን ብዬ እየሳቅኩ ተከተልኩት። ከመስኮቱ ጀርባ ያለችው ሴት የነገረችውን አልሰማሁም። ፊቱን ግን አየሁት፤ ለሌላ ሰው እንደሰጡብን ገባኝ።

መኪናችን በሌሎች መኪናዎች ተከባ መውጣት አልቻለችም። የከተማው ሰው ሁሉ ጎዳና ላይ ወጥቶ ይዘፍናል። አባቴ እኔን ለትኬቷ ሴት ትቶ በበረዶው ውስጥ በእግሩ ሄደ።

ያን ቀን ቤታችን አጠገብ ምን እንደነበር የነገሩኝ ወይዘሮ ሳውቹክ ናቸው፤ እኔ ልጅ ከወለድኩ በኋላ፣ እሳቸው በጣም አርጅተው ሳሉ። እናቴ የእሳቸው ማዕድ ቤት ወለል ላይ፣ ጀርባዋን ለምድጃው ሰጥታ ተቀምጣ ነበር። ከተማው ውስጥ የነበሩት ሁለት ታክሲዎች አዳራሹ ደጅ ቆመዋል፣ ሹፌሮቹ ውስጥ ናቸው። የሆስፒታሉ መኪና ከከተማ ውጭ ሌላ ሰው ሊያመጣ ሄዷል። ወይዘሮ ሳውቹክ ወደ አዳራሹ ስልክ ደወሉ፤ ሬዲዮውንም ከፈቱ፣ ጥሪው መድረሱን ለማወቅ። እናቴ የባሏን ስም በሬዲዮ ሰማች። ሁለተኛም ሰማች። ከዚያ ሬዲዮው ውስጥ ያለው ሰው ስለ ጨዋታው ማውራቱን ቀጠለ። በመጨረሻ ወይዘሮ ሳውቹክ መንገድ መሀል ቆመው፣ በረዶ የሚጠርገውን የማዘጋጃ ቤት መኪና አስቆሙ። እናቴ ሆስፒታል የገባችው በዚያ መኪና ጋቢና ውስጥ ነው። ልጁ ወንድ ነበር።

«ሐኪሙ ፈጥና ብትመጣም ለውጥ አልነበረውም ብሏል» አሉኝ ወይዘሮ ሳውቹክ። «እናትሽ አላመነችውም። አባትሽ ግን ወዲያው አመነው። ከሁሉ ይልቅ ያበሳጫት ማመኑ ነው።»

ይህን ሁሉ በስምንት ዓመቴ አላውቅም። የማውቀው ጉጉቶቹ ማሸነፍ መጀመራቸውን ነው። ሁለተኛውን ዙር አለፉ። ከተማው አበደ። የአባቴ ጺም አደገ፤ ከአገጩ ሥር ቀይ፣ ከጉንጩ ላይ ሽበት። ሌሎቹ አባቶችም አጎፍረዋል፤ ስለዚህ አባቴ ማታ ማታ መብራት ሳያበራ የመቀመጡን፣ ሸሚዝ መቀየር የማቆሙን፣ እራት ሲያቀርብ ሹካ የመርሳቱን ነገር ሁሉ ከጺሙ ጋር አንድ አድርጌ የገዱ ሥራ ነው አልኩ። እኔም ለማገዝ ካልሲዬን አላጠብኩም።

እናቴ ከአክስቴ ኢዲት ቤት በስልክ ታናግረኝ ነበር።

«ደህና ነሽ የኔ እናት? ትበያለሽ?»

«እበላለሁ። እማዬ፣ አሁን እንዳትመጪ እሺ?»

መስመሩ ውስጥ የአክስቴ ቤት ሰዓት ሲቆጥር ይሰማኛል።

«ምን አልሽ?»

«እስኪያልቅ ድረስ እንዳትመጪ። አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ እያሸነፍን ነው።»

«እንዲህ በይ ያለሽ ማን ነው?»

«ማንም። እኔ ራሴ ነኝ ያወቅኩት። አባዬ ግን ልክ ነሽ ብሎኛል።»

እናቴም «አባትሽን አቅርቢልኝ» አለች። አባቴ ስልኩን ይዞ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። «አይ… ልጅ ናት… ምን ልበላት ታዲያ?» ሲል ሰማሁት። ከዚያ ረጅም ጊዜ ሰማ፤ በመጨረሻ «እሺ» አለ። «እሺ። እሱንም አደርጋለሁ።»

ያደረገውን በማግስቱ ጠዋት አየሁት። ቅዳሜ ነው። ጉጉቶቹና ፖርት ሜርሰር እኩል ለእኩል ሆነው፣ የቀረችው የእሑዷ የመጨረሻ ጨዋታ ብቻ ናት። አባቴ ከመታጠቢያ ቤት ሲወጣ ጺሙ የለም። አገጩ ላይ ሁለት ቦታ ቆርጦታል፤ የወረቀት ቁራጭ ለጥፎበታል። ፊቱ አንሷል፤ የተላጠ ድንች ይመስላል።

ጮኼ አለቀስኩ።

«ነገ እኮ ነው» አልኩት። «ነገ ነው አባዬ። አንድ ቀን መጠበቅ አቃተህ?»

«እናትሽ ዛሬ ትመጣለች» አለ።

«ገና አላለቀም።»

«ለኔ አልቋል» አለኝ። ሲመሽ ማኮሮኒ ሊቀቅል ውሃ ጣደ። አባቴ ያቺን ጠዋት ከሕይወቱ ትልቁን ነገር እንደሰጠ የገባኝ በጣም ቆይቶ ነው። ሃርዊክ ፎልስ ውስጥ ያን ቀን የተላጨ ወንድ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ጎዳና ላይ የሚያዩት ሁሉ የሚሉትን እያወቀ ተላጨ።

እናቴ ሻንጣዋን ይዛ መጣች። የራሷ ቤት ሆኖ ሳለ ደወሉን ሁለት ጊዜ ደወለች። አባቴ ሲከፍት ወዲያው አልገባችም። እጇን ዘርግታ የተቆረጠውን አገጩን ነካችው።

«ተላጨህ።»

«ተላጨሁ።»

«ጨዋታ ሳያልቅ።»

«ጨዋታ ሳያልቅ።»

የከንፈሯ ዳር ትንሽ ተነሳ። ሆዷ ጠፍቷል፤ ኮቷ ሰፍቷታል። እኔ ማዕድ ቤት በር ላይ ቆሜ አኩርፌያለሁ።

«አንድ ጊዜ ብቻ ልጠይቅህ» አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ከዚህ በኋላ አልጠይቅህም። ሰምተሃል?»

«አልሰማሁም» አለ አባቴ። «ቨርና፣ እዚያ ያለውን ጩኸት አታውቂውም። ምሰሶው አጠገብ ደግሞ ምንም አይሰማም። ብሰማ እመጣ ነበር።»

ስለ ደወሉ የሚያወሩ መሰለኝ።

«እሺ» አለች። ኮቷን አውልቃ በፊት በምትሰቅልበት ላይ ሰቀለችው።

እራት በላን። አባቴ ማኮሮኒውን ያቀርባል። አይብ አብዝቶበታል፤ እናቴ ምንም አላለችም። ስለ ጉጉቶቹ አንድም ቃል አልወጣውም፤ የራሱን ምላስ የነከሰ ሰው ይመስላል። ስለ በረዶው አወራ። ስለ ወይዘሮ ሳውቹክ ውሻ አወራ። እናቴ እየሰማች ታኝካለች፤ ልክ እንደ ድሮው።

እኔ አሳዘነኝ። ነገ በእሱ ጺም ምክንያት ልንሸነፍ ነው፤ ሰዎች ስም ያወጡለታል፣ እኔም የእሱ ልጅ እባላለሁ። እሷ ደግሞ ባሏ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ሳታውቅ ተቀምጣለች። አንድ ጥሩ ነገር ልናገርለት ፈለግኩ።

«እማዬ፣ የአባዬ ስም እኮ በአዳራሹ ማጉያ ተጠራ። ሁለት ጊዜ።»

የአባቴ ሹካ ቆመ።

«አውቃለሁ የኔ እናት» አለች እናቴ። ድምጿ ረጋ ያለ ነበር። «እኔም በሬዲዮ ሰምቻለሁ። አባትሽ ነው ያልሰማው። ጩኸት ስለነበረ።»

አባቴን ደንቆሮ አስመሰለችብኝ። ተናደድኩ።

«ሰምቷል እንጂ» አልኩ። «እኔ ዕጣ ደረሰን፣ ተነስ ስለው፣ ቁጭ በዪ፣ በጭማሪ ሰዓት ማንም አይነሳም አለኝ። ሁለተኛም ሲጠሩት አልተነሳም። ሌላ ሰው ቢሆን ይነሳ ነበር። ለዚህ እኮ ነው ያሸነፍነው።»

ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል። ካላንደሩ ላይ ያለው ጉጉት በትልልቅ ዓይኑ ያየናል። አባቴን ቀና ብዬ አየሁት፤ ይኮራብኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን ሳህኑን ያያል፣ ጆሮው ቀልቷል።

እናቴ ማኮሮኒዋን እስከ መጨረሻው በላች። አፌን በናፕኪን ጠረገችልኝ። ተነስታ ሦስቱንም ሳህኖች አጠበች፤ አደረቀች፤ በየቦታቸው መለሰች። ከዚያ ኮቷን አነሳች። ሻንጣው ሳይከፈት በሩ አጠገብ ነበር።

እኔ ፊት ተንበረከከች። «ትምህርት ሲዘጋ መጥቼ እወስድሻለሁ።»

«እሺ» አልኳት። በልቤ ግን ምስጢሯን አውቄባታለሁ።

አባቴ መተላለፊያው ላይ ቆሟል። አልለመናትም። አልፋው ስትወጣ የተቆረጠውን አገጩን እንደገና አየችው።

«ባትላጨው ይሻል ነበር» አለችው። «እንዲያው ፊትህን ባላየው።»

ለኔ ከዚህ በላይ ግልጽ ነገር አልነበረም። እሱ በመላጨቱ የተሰበረውን ገድ ለመጠገን ነው የሄደችው። ያን ዕለት እናቴን ወደድኳት፤ ሆኪ አይገባትም ስንል ከሁላችንም በላይ ገብቷት ኖሯል። እሑድ ጉጉቶቹ አራት ለአንድ አሸንፈው በታሪካቸው የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ዋንጫ ወሰዱ። ሰኞ ትምህርት ቤት ውስጥ ለሁሉም ተናገርኩ፦ ዋንጫውን ያመጣችው እናቴ ናት። መምህሬ ራሴን ዳበሰችኝ። የከተማው ሰው ሁሉ ያውቅ ኖሯል፤ ከኔ በስተቀር።

ትምህርት ሲዘጋ እናቴ ወሰደችኝ። ያደግኩት አክስቴ ቤት ነው፤ ፀጉር መሥራት የተማርኩትም እዚያው፣ አሁንም በምኖርበት ከተማ ነው። አባቴ ጋ በጋ በጋውን እሄድ ነበር። ከተወሰነ ዓመት በኋላ የጉጉቶቹ ባለቤት ቡድኑን ሸጦ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ፤ ቀጥሎ ፋብሪካው ተዘጋ። አዳራሹ ሲፈርስ መቀመጫዎቹን ለፈለገ ሰው ሸጡ። አባቴ ከምሰሶው አጠገብ ያሉትን ሁለቱን ገዝቶ ምድር ቤት ወለሉ ላይ በብሎን አሰራቸው፣ ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት። ከዚያ በኋላ የሌላ ከተማ ቡድኖችን እያየ፣ በማያውቃቸው በረኞች ጉልበት ላይ አስተያየት እየሰጠ ኖረ። ስሄድ ከጎኑ እቀመጣለሁ። ምሰሶ ባይኖርም አንገቱን ያሰግግ ነበር።

አንድ ጊዜ፣ ልጆቼ አድገው፣ ጠየቅኩት። በጨዋታው እረፍት ላይ ነበር፤ ሌላ ጊዜ ብጠይቀው አይመልስልኝም።

«አባዬ፣ ያን ቀን ብትነሳ ኖሮስ?»

ቢራውን ጭኑ ላይ አሳረፈ። የሚያለቅስ መሰለኝ።

«ቡርጎ አያገባም ነበር» አለ።

እየቀለደ እንደሆነ ለማየት ፊቱን ፈለግኩ። ፊቱን ወደ ቴሌቪዥኑ መልሷል።

ባለፈው ሚያዝያ ሞተ። ያገኘው የወይዘሮ ሳውቹክ ልጅ ነው፤ በመስኮቱ የቴሌቪዥኑን ብርሃን ሲያይ አድሮ፣ ጠዋት ሲገባ። ምሰሶው ጎን በነበረው መቀመጫ ላይ ነው፣ ሁለት እጁን ጉልበቶቹ መሀል ሰክቶ። ጺሙን አልተላጨም፤ የዋንጫ ወቅት ነውና የትኛው ቡድን እንደሆነ ባላውቅም ለአንዱ አሳድጎት ይሆናል። ወይም እንዲሁ ትቶት ይሆናል። ያንን ከልጅነቴም መለየት አቅቶኝ ነበር።

ለእናቴ ደወልኩላት። አርጅታለች፤ ሌላ አላገባችም፤ ስሙን ከአፏ ሰምቼ አላውቅም ማለት ይቻላል። የሆነውን ነገርኳት፦ ልቡ እንደሆነ፣ እንዳልተሠቃየ፣ ከቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጦ እንዳለ ጨዋታ እያየ መሞቱን።

ስልኩ ውስጥ የአክስቴ ሰዓት ሲቆጥር ይሰማኛል፤ አክስቴ ሞታለች፣ ሰዓቷ ግን አለ። ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅኩ። ጉሮሮዋን ስትጠርግ ሰማኋት።

«አልቆ ነበር?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ጨዋታው።»